የእርድ ቤቱ ሞተር

ሐበሻ ምስጢር አይችልም እያለ የሚያማን ሰው በግማሽ ተሳስቷል። ደግ ደጉን ነገር አለመቻላችን እውነት ነው። እኛ ብሎክ ውስጥ አንዲት ሴት ብታረግዝ ባሏ ከመስማቱ በፊት አራተኛ ፎቅ ይሰማል። አንዱ የደረጃ እድገት ቢያገኝ ደብዳቤው እጁ ሳይገባ እንኳን ደስ ያለህ ብለነው ጨርሰን፣ ምን ትጋብዘናለህ እያልን እናስጨንቀዋለን። ክፉ ነገር ሲመጣ ግን ሌላ ሕዝብ እንሆናለን። ያ ሁሉ ደረጃ ላይ ቆሞ ሲለፈልፍ የሚውል ሰው በአንዴ አፉን ይዘጋል። ነገሩን ሁሉም ያውቀዋል፤ አንድ ሰው ብቻ አያውቀውም። ያ ሰው ደግሞ ነገሩ የደረሰበት ሰው ነው።

እናንተም ብትሆኑ ከዚህ አታመልጡም። "እናትህን ትንሽ አሟት ነበርና እስቲ ብቅ በል" የሚል ስልክ ተደውሎላችሁ፣ ገና "ትንሽ" የምትለዋን ቃል ስትሰሙ ጥቁር ልብስ ሻንጣ ውስጥ የከተታችሁ ስንቶቻችሁ ናችሁ? ከዓመታት በኋላ ደግሞ ያችኑ ቃል እናንተው ለሌላ ሰው ደውላችሁ ብላችኋል። እኔም ብያለሁ። በዚህ ጎበዝ ነኝ። ዛሬ ግን የማወራችሁ ስለ ጉብዝናዬ ሳይሆን ስለ አንድ ሞተር ሳይክል ነው፤ ሁለቱን መለየት ካቃተኝ እናንተው ለዩት።

ጋሽ ሽፈራው የባለቤቴ የአዜብ ታላቅ ወንድም ነበር። ልደታ ኮንዶሚኒየም ውስጥ እኛ ሦስተኛ ፎቅ ስንኖር፣ እሱ እዚያው ብሎክ ምድር ላይ ባለች ባለ አንድ መኝታ ቤት ብቻውን ይኖር ነበር፤ ሚስቱ ቀድማው አርፋለች። አዜብ ወንድም ጋሼ ትለዋለች። እኔ በዕድሜ ስለሚበልጠኝ አንቱ ልለው ሞክሬ፣ አንቱታውን ለአለቃህ አድርገው ብሎ ከልክሎኛል። ዕድሜውን ሙሉ የአንድ መሥሪያ ቤት ሞተረኛ ነበር፤ የደብዳቤ ቦርሳ አንግቶ ከሜክሲኮ አራት ኪሎ፣ ከአራት ኪሎ ቃሊቲ ሲመላለስ የኖረ። ጡረታ ሲወጣ ሞተሯም አብራው ወጣች። መሥሪያ ቤቱ አሮጌ ንብረቱን በጨረታ ሲያስወግድ ከሱ በቀር የፈለጋት ሰው አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ደረጃው ሥር ሸራ ለብሳ ቆማለች። ከተማው ውስጥ ሞተር እንደ ልብ መንዳት ሲቀር፣ እሱም አልፎ አልፎ ሸራውን ገልጦ ከማየት በቀር አያስነሣትም ነበር።

ባለፈው ዓመት ክረምቱ እንደወጣ ጎኔን ይወጋኛል ማለት ጀመረና ሐኪም ቤት ይዤው ሄድኩ። ምርመራው ሲያልቅ ሐኪሙ እሱን ውጭ አስቀምጦ እኔን ጠራኝ። ጉበቱ ነው አለኝ። ቆርጦ ማውጣት አይቻልም ወይ ብዬ ብጠይቀው ራሱን ነቀነቀ። ስንት ጊዜ አለው ስለው፣ የወራት ነገር ነው፣ ዓመት ግን አይመስለኝም አለ። ቀጥሎም በሽተኛው የማወቅ መብት አለውና ልንገረው ብሎ ሲነሣ እጁን ያዝኩት። እዚያው ለመንኩት። በማግስቱ አዜብ ሁለት የሰፈር ሽማግሌዎች አስከትላ ሄዳ ደገመችው። ለጋብቻ እንጂ ለሐኪም ሽማግሌ ሲላክ ሰምታችሁ አታውቁ ይሆናል፤ እኛ ላክን። ሐኪሙ በመጨረሻ፣ እሺ፣ ራሱ ከጠየቀኝ ግን አልዋሽም አለ። ጋሽ ሽፈራው የጠየቀው ሐኪሙን ሳይሆን እኔን ነው። ገና ኮሪደሩ ላይ ምን አለህ ሲለኝ፣ ጨጓራ ነው አልኩት። ዐይኔን እንኳ አላሸሸሁም።

ብዙ ሳይቆይ ሸራውን ከሞተሯ ላይ አነሣ። አንድ ፈረንጅ አሮጌ ሞተር ሲቆራርጥ የሚያሳይ ቪዲዮ ስልኩ ላይ ደጋግሞ ሲያይ ከርሞ ኖሯል። ቦበር ላደርጋት ነው አለኝ። ቦበር ማለት፣ እሱ እንዳስረዳኝ፣ ሞተር ላይ ለመሄድ የማያስፈልገውን ሁሉ ቆርጠህ ስትጥል የሚቀርህ ነው። የፊት ጭቃ መከላከያው፣ ፓራፋንጎው፣ ይነሣል፣ የኋላው ያጥራል፣ ዕቃ መጫኛው ይወልቃል፣ መሪው ዝቅ ይላል፣ የኋላ ጎማው ይወፍራል። ለሁለት ሰው የሚበቃው ረጅም መቀመጫ ይወጣና፣ በሁለት ሞላ ላይ የምትቀመጥ የአንድ ሰው ወንበር ትገባለች። እኔ በሆዴ ይኸ ሰውዬ ምን ነካው አልኩ። በአፌ በጣም ጥሩ ሐሳብ ነው አልኩት። በዚያን ጊዜ በሆዴና በአፌ መካከል ያለው ርቀት ከልደታ ቃሊቲ ይበልጥ ነበር።

ነገሩ ለካ ጨዋታ አልነበረም። ሐዋሳ የምታስተምር አንዲት ልጅ አለችው፤ መቅደስ ትባላለች። ከሦስት ዓመት በፊት ሽማግሌ ሳይላክ፣ አባቷ ሳይጠየቅ፣ እዚያው አግብታ በስልክ ነገረችው። ዘጋባት። ከዚያ ወዲህ ስትደውል አያነሣም፤ እሷም ሲደክማት ደህንነቱን ከአክስቷ ከአዜብ መጠየቅ ጀመረች። እኛ ሐኪም ቤት በተመላለስንበት ሰሞን መቅደስ ሴት ልጅ ወለደች። አዜብ የሕፃኗን ፎቶ ስታሳየው ረጅም ጊዜ አየና ስልኩን መለሰላት። በነጋታው ነው ሸራውን ያነሣው።

"ፌስታል አንጠልጥዬ ከአውቶቡስ አልወርድባትም" አለኝ። "ልጅ ሆና ሰልባቶዮው ላይ፣ ነዳጅ መያዣው ላይ አስቀምጬ ነው ትምህርት ቤት ያደረስኳት። የዚችን ሞተር ድምፅ ታውቀዋለች። በሯ ላይ ስደርስ ድምፁን ሰምታ ራሷ ትወጣለች። እኔ ይቅርታ በዪኝ አልላት፣ እሷም አትለኝ፤ አለቀ።"

ሰውየው ሊታረቅ ነው፤ መታረቂያው ሞተሯ ናት፤ ሞተሯ ደግሞ ገና ልትፈታ ነው። ይህ ጊዜ ያለው ሰው የሚያወጣው ዕቅድ ነው። ጊዜ እንደሌለው የምናውቀው እኛ ነን። አልነገርነውም።

መሥሪያ ቦታ ያስፈልገው ነበር። ኮንዶሚኒየም የሚኖር እንደሚያውቀው ግቢያችን ውስጥ ኮሙናል የምንለው የጋራ ቤት አለ። ከክፍሎቹ አንዱ እርድ ቤት ነው፤ ወለሉ ሲሚንቶ፣ መሐሉ ላይ የደም መውረጃ ቦይ ያለው፣ ጣሪያው ላይ የሥጋ መስቀያ ብረት የተበየደበት። ከበዓል በቀር ተዘግቶ ይከርማል። ጋሽ ሽፈራው ይህን ክፍል ጠየቀ። የኮሚቴያችን ሊቀ መንበር ወይዘሮ አስካለ ናቸው፤ እሑድ ከሰዓት ግድግዳ የበሳን ጎረቤት በስብሰባ አቁመው ይቅርታ ያስጠየቁ ሴት። እምቢታቸውን ለማድረስ እኛ ቤት ድረስ ወጡ። አዜብ ይዛቸው ወደ ማድ ቤት ገባች። ሲወጡ ዐይናቸው ቀልቷል። የእርድ ቤቱን ቁልፍ ጠረጴዛችን ላይ አስቀምጠው ሄዱ። ፀሐይ ሳትገባ ብሎኩ በሙሉ ያውቅ ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ለማመን ኮንዶሚኒየም ኖሮ ማወቅ ይጠይቃል። በሙቀጫ ስንወቅጥ በመጥረጊያ እንጨት ኮርኒሱን የሚደበድቡብን ሰዎች፣ የብረት መቁረጫው የግራይንደር ጩኸት ቀኑን ሙሉ ሲሰነጥቃቸው አንድም ቃል አልተነፈሱም። ተፈታኝ ልጅ ያላት ጎረቤታችን ልጇን አክስቱ ቤት ላከችው። አራስ የሆነችው ደግሞ፣ ልጄ ድምፁን ስትሰማ ነው የምትተኛው አለችው። ሾርባ ይመጣል፣ ጁስ ይመጣል። ስለ ሞተር አንድ ነገር የማያውቅ የባንክ ሠራተኛ እየመጣ ስለ ካርቡሬተር ይጠይቀዋል። ለገና ቅርጫው ውጭ ሜዳ ላይ ሸራ ተነጥፎ ታረደ፤ እርድ ቤቱ ውስጥ በሬ እንዲገባ ሐሳብ ያቀረበ ሰው አልነበረም።

ጋሽ ሽፈራው በዚህ ልቡ ተነካ። "አንተ፣ ሰዉ ተለውጧል እኮ" አለኝ አንድ ቀን፣ የቢራ ሳጥን ገልብጦ ተቀምጦ እያረፈ። "ድሮ ሬዲዮ ከፍ ባደርግ ይጮኹብኝ ነበር። እንዲህ ያለ ጎረቤት ይዤ ነው ለካ ሰው የለኝም ስል የኖርኩት።"

አዎ፣ ጥሩ ሰዎች ናቸው አልኩት። ውሸትም አልነበረም። ደግነታቸው ግን ለቅሶ ቤት የሚገባ ሰው ደግነት ነበር፤ ሰውየው ገና ቆሞ እየሠራ ቀድመው ገቡበት። እንዲያ ደስ ብሎት ሳየው የምገባበት ይጠፋኝ ነበር።

እኔ ሞተር አልወድም። በዚያ ሦስት ወር ግን ከቢሮ ስወጣ ሜክሲኮ ላይ ከጓደኞቼ ጋር ማኪያቶ መጠጣቴን ትቼ፣ ፀሐይ ሳለች ለመድረስ እየሮጥኩ እርድ ቤት የምገባ ሰው ሆንኩ። ስሌቴ ቀላል ነበር፤ ሞተሯ ቶሎ ካለቀች ቶሎ ይሄዳል፣ ቶሎ ከሄደ ልጁን ያያል፤ እኔም ሳልናገር ነገሩ ይሆናል። ስለዚህ ብረት እይዛለሁ፣ ዝገት እፍቃለሁ፣ ብሎን በናፍጣ አጥባለሁ። የኋላውን ሻንሲ ሲቆርጥ ጠመኔ ይዞ ሦስት ጊዜ ለካ፤ ግራይንደሩን አስነሥቶ መልሶ አጠፋው፤ አራተኛ ጊዜ ለካ። ከተቆረጠ በኋላ አይመለስም አለኝ። ለወንበሯ የሚሆነውን ሞላ ከአንድ የተጣለ የታክሲ ወንበር ውስጥ አወጣን። ቆዳውን ራሱ ሰፋው። ሱሪው እየሰፋበት ሲሄድ ቀበቶውን በምስማር እየበሳ ያጠብቃል። ጨጓራ ደግ በሽታ ነው፣ ቦርጬን አጠፋልኝ እያለ ይስቃል። እኔም አብሬው እስቃለሁ፤ እንዴት እንደሚሳቅ ዛሬ ቢጠይቁኝ አላውቀውም።

ቀለም የመምረጡ ቀን መጣ። ጋሽ ሽፈራው ሰልባቶዮውን ጥቁር አደርገዋለሁ አለ። እርድ ቤቱ በር ላይ የቆምነው አምስት ስድስት ሰዎች እርስ በርሳችን ተያየን። ወይዘሮ አስካለ፣ ኧረ ጥቁር ምን ያደርጋል፣ ሙቀት ይስባል አሉ። የባንክ ሠራተኛው አቧራ ያሳያል አለ። እኔ አረንጓዴ ጥሩ ነው አልኩ። ሁሉም አረንጓዴ አሉ። ጋሽ ሽፈራው ተራ በተራ አየንና፣ ለአንድ ቆርቆሮ ይህን ያህል ተጨነቃችሁ ብሎ ሳቀ። አረንጓዴ ቀባት፤ ለእኛ ሲል።

አውቶቡስ እንዲሄድ አንድ ጊዜ ሞክሬያለሁ። አሁን ብቅ ብለህ ሕፃኗን አይተሃት ና፣ ሞተሯ ስታልቅ ደግሞ በሷ ትሄዳለህ አልኩት። መፍቻውን አስቀመጠና ትኩር ብሎ አየኝ።

"ምን አስቸኮለህ?"

እስከ ዛሬ ስንት ጥያቄ እንደተጠየቅሁ አላውቅም፤ እንደዚህች ግን በሩ ተከፍቶልኝ አያውቅም። ዐሥር ቃል ቢበዛ ይበቃ ነበር። አልነገርኩትም። ለሱ አዝኜ ነው እንዳልላችሁ፣ ለራሴ ነው የፈራሁት። ከነገርኩት በኋላ እዚያ ሳጥን ላይ ፊት ለፊቱ ተቀምጬ የሚሆነውን ፊቱን ማየት አልቻልኩም።

"ምንም" አልኩት።

መቅደስስ አትሉም? ስልኳ እጄ ላይ ነበር። አዜብ ግን አስምላኛለች፦ መጥታ ታለቅሳለች፣ ሲያያት ይገባዋል፣ ከገባው በሽታው ሳይሆን ድንጋጤው ይገድለዋል። ስለዚህ መቅደስ ስትደውል፣ አባባ እንዴት ነው ስትል፣ አዜብ ደህና ነው፣ ሞተር እየሠራ ነው ትላታለች። መቅደስ በስልኩ ውስጥ ስትስቅ ሰምቻለሁ። አዜብ አንድ ጊዜ እሱ ሳያይ ከሞተሯ ጋር ፎቶ አነሣችውና ላከችላት። ቀጥኗል እኮ ብትላት፣ ሥራው ነው አለቻት። ሞተር ፈትቶ የሚገጥም ሰው ምን ይሆናል ብላ አሰበች መሰለኝ። ትምህርት ሲዘጋ ሕፃኗን ይዤ እመጣለሁ፣ እግሩ ላይ እወድቃለሁ አለች። እሱ ሞተሯን ይጠብቃል፣ እሷ የትምህርቱን መዘጋት። ሁለቱንም የምናውቅ እኛ መሐል ላይ ቆመን ሁለቱንም ደህና ነው ደህና ናት እንላቸዋለን።

ሁሉም ነገር አልቆ የኋላ ጎማዋ ብቻ ቀረ። ለወፍራሙ ጎማ ሰፋ ያለ ቸርኬ ስላስፈለገ፣ ቸርኬውን ከመሐሉ ጋር በቀጫጭን ሽቦ ለሚወጥር ከድር ለሚባል የአብነት ሰፈር ባለሙያ ሰጥተነው ነበር። ከድር ነገ ይላል። በነጋታው ሲኬድ ሽቦው ጠፋ ይላል። ሽቦው ሲገኝ ቸርኬው ጠመመ ይላል። እንዲህ አምስት ሳምንት ሆነ። ጋሽ ሽፈራው መጀመሪያ ራሱ በእግሩ እየሄደ ይጠይቅ ነበር፤ በኋላ ታክሲ ያዘ፤ በኋላ እኔን ላከኝ። ዐይኑ ቢጫ ሆኗል። ሆዱ ተነፍቶ፣ ያን ሁሉ የበሳውን ቀበቶ መልሶ ማላላት ጀምሯል። ጨጓራ እንዲህ ያደርጋል ወይ ብሎ አልጠየቀኝም። እኔም እግዚአብሔር ይስጠው አልኩ።

አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ከድርን ልጣላው ቆርጬ አብነት ሄድኩ። ከሱቁ አልነበረም፤ ለሻይ ወጥቷል አሉኝ። ልጠብቀው ገባ ብዬ በሩን ስመልሰው ከበሩ ኋላ ጎማው ተሰቅሏል። የተወጠረ፣ የተስተካከለ፣ ያለቀ። ላዩ ላይ አቧራ ተኝቶበታል።

ከድር ሲመጣ አልሸሸም። "ወንድሜ፣ እኔ ምን ላድርግ" አለኝ። "በሁለት ቀን ነው የጨረስኩት። እህትየው መጥታ አለቀሰችብኝ። ከጨረሰ ይሄዳል፣ ከሄደ መንገድ ላይ ይቀራል አለችኝ። አደራ ብላ አላህን ጠርታ ለመነችኝ። እኔ በበሽተኛ ነፍስ ልጫወት?"

ጎማውን ትከሻዬ ላይ አድርጌ ወጣሁ። ጎማ የያዘ ሰው ታክሲ አይጭንምና በእግሬ ነው የተመለስኩት። ንዴቴ እስከ መንገዱ እኩሌታ አደረሰኝ። አዜብን ምን እንደምላት እያዘጋጀሁ ነበር፤ እንዴት የሰው ቀን ትደብቂያለሽ ልላት። ከዚያ ጎማውን ወደ ሌላው ትከሻዬ አዞርኩት። እሷ የደበቀችው ጎማ ነው፤ እኔ የደበቅሁት ሞቱን ነው። እኔ ሳልናገር ላስቸኩለው፣ እሷ ሳትናገር ልታቆየው፣ ሁለታችንም ለሱ ብለን በተቃራኒ አቅጣጫ ስንጎትተው አምስት ሳምንት አለፈ። ልደታ ስደርስ ዛሬ እነግረዋለሁ ብዬ ወስኜ ነበር።

እርድ ቤቱ በር ላይ ፀሐይ ሲሞቅ አገኘሁት። ጎማውን እግሩ ሥር አቆምኩለት። ፊቱ በራ። በሁለት እጁ ይዞ አሽከረከረው፤ ቀጥ ብሎ ዞረ። ቀጥሎ በጣቱ ቸርኬውን ጠረግ አደረገና ጣቱን አየው። ከዚያ እኔን አየኝ።

"መቼ ነው የጨረሰው?"

"ዛሬ" አልኩት። "አሁን ነው የጨረሰው።"

ጣቱን ሱሪው ላይ ጠረገ። "ሰነፍ ነው" አለ። ስለ ከድር ያለው መሰለኝ፤ አልጠየቅሁትም።

ከሰዓት በኋላ ጎማዋን ገጠምናት። መርገጫውን እሱ ሦስት ጊዜ ሞክሮ አቃተው፤ እኔ ረገጥኩት። ተነሣች። ያ ድምፅ ግቢውን ሲሞላው ሰው ከየፎቁ ወረደ፤ ሴቶቹ እልል አሉ። ጋሽ ሽፈራው የአንድ ሰው ወንበሯ ላይ ተቀምጦ ብሎኩን አንድ ጊዜ ዞረ፤ ከሚራመድ ሰው ባልፈጠነ ፍጥነት። ግራና ቀኝ ሃያ ሰው ሊሆን የሚችል ሕዝብ እጁን ዘርግቶ አብሮት ይሄድ ነበር፤ ቢወድቅ ሊይዘው። ለምን እንደሚከተሉት አልጠየቀም። ወርዶ ሲቀመጥ ላብ አጥምቆት፣ "የሚመጣው ቅዳሜ እሄዳለሁ" አለ። "ስመለስ ይህን ጨጓራ ደግሜ እታያለሁ።" ሁላችንም እሺ አልን። ወይዘሮ አስካለ መንገድ ላይ የምትበላው ዳቦ እጋግርልሃለሁ አሉት።

ረቡዕ ከአልጋው መነሣት አቃተው። ሐኪም ቤት ስንወስደው መቅደስ ጋ እንድደውል አዜብን ለመንኳት። ነገ ይሻለዋል፣ ነገ እንደውላለን አለች። ስልኩ እጄ ውስጥ ነበር፤ ራሴ መደወል እችል ነበር። ሐሙስ ጠዋት አልጋው አጠገብ ስቆም እጄን ያዘኝና፣ "ቅዳሜ አልደርስም መሰለኝ" አለኝ። "ለሰኞ አድርገው።" አደርገዋለሁ አልኩት። ዓርብ ከቀትር በፊት አረፈ።

ከዚያ በኋላ ነው ለመቅደስ የደወልኩት። አባትሽን ትንሽ አሞታል፣ ነይ አልኳት። "ሞተሩ ጣለው እንዴ?" አለችኝ። አባቷ ላይ የሚደርስ ክፉ ነገር ከሞተሩ በቀር ሊታሰባት አልቻለም። እኛ ሌላ ነገር አልነገርናትማ። አይ፣ ሞተሩስ አልጣለውም አልኩ። አመሻሽ ላይ ሕፃኗን ታቅፋ ከበር ስትገባ የዕድሩ ድንኳን ተተክሎ አየችው። የሆነችውን አልጽፈውም።

ከሠልስቱ በኋላ ግቢው ፀጥ ሲል እርድ ቤቱ በር ላይ ቆማ አገኘኋት። ሕፃኗ ትከሻዋ ላይ ተኝታለች። አዜብ፣ ወይዘሮ አስካለና ሌሎች ጎረቤቶች ድንኳኑ ሥር ተቀምጠዋል። መቅደስ ሞተሯን እንጂ እኔን ሳታይ ጠየቀችኝ።

"ጋሼ፣ መቼ ነው የታወቀው? ብሰማ እኮ ያኑ ቀን ነበር የምመጣው።"

ድንኳኑ ሥር ያለው ሰው ወደ እኛ ዞረ። ያ ሁሉ ሰው፣ ግራይንደሩን የቻለ፣ በሬውን ሜዳ ላይ ያረደ፣ አረንጓዴ ያለ ሰው ሁሉ እኔን ያያል። ከሁሉም ይልቅ አዜብ። እውነቱን ብነግራት ወደ ሐዋሳ ይዛው የምትሄደው አምስት ወር ነው፤ ማንም ሳይነግራት ያለፉ አምስት ወራት። ባልነግራት ደግሞ...

"ድንገት ነው" አልኳት።

ድንኳኑ ሥር ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። ድንገት ነው እኮ፣ ድንገት ነው አሉ፤ አንዱ ለሌላው እያቀበለ። መቅደስ እንባዋን ጠረገችና፣ እንኳን አልተሠቃየ አለች። ሞተሯን ልትወስድ አልፈለገችም፤ እስካሁን እኛ ዘንድ ናት።

እንግዲህ ፍረዱኝ። ትምህርት አግኝቼበታለሁ ብዬ ልደመድምላችሁ ነበር፤ ሞክሬያለሁም። ባለፈው ሳምንት አዜብን አስቀምጬ፣ ስሚኝ፣ ነገ እኔን አሞኝ ሐኪሙ አንቺን ለብቻሽ ቢጠራሽ፣ የነገረሽን ሁሉ ሳትቀንሺ ትነግሪኛለሽ፣ አደራ አልኳት።

እሺ አለችኝ፤ ምን ችግር አለው አለች። ወዲያው ነው ያለችው፣ ዐይኗን እንኳ ሳታሸሽ። ትንሽ ብታቅማማ ኖሮ አምናት ነበር።